የወይዘሮ ሃሊና ሰፈር

ማክሰኞ

ከኦስሎ ከተመለስኩ ወዲህ በመምህራን ክበባችን ሻይ ባዘዝኩ ቁጥር «እስቲ ስለ በረዶው አውራን» የማይለኝ የለም። በረዶ አላየሁም። የሄድኩት በጥቅምት ነበርና ያየሁት ዝናብ፣ የረገፈ ቅጠልና ከሰዓት በኋላ ሳይጋመስ የሚደክም ፀሐይ ነው። የንጉሡን ቤተ መንግሥት በአውቶቡስ መስኮት አይቼዋለሁ፤ ቢጫ ነው። በደንብ ያየሁት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን አንዲት ፖላንዳዊት አሮጊት ነው። ስለ በረዶ የጠበቀ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ ያድርግልኝ።

የጠራችኝ ታናሽ እህቴ ተዋበች ናት። በሱዳን በኩል ወጥታ ኖርዌይ ከገባች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። በየዓመቱ «ና» ትላለች፤ በየዓመቱ «ዘንድሮ ፈተና አለብኝ» እላለሁ። አሁን ሰበብ አለቀብኝ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሄድኩት በአውሮፕላን ነው፤ የመኪናው መንገድ ሰላም ነው የሚለኝና አይደለም የሚለኝ ሰው ቁጥሩ እኩል ሆነብኛ። ሻንጣዬ ውስጥ ነጫጭ ሸሚዞች፣ አንድ ሹራብና በፌስታል ላይ ፌስታል የተጠቀለለ በርበሬ ነበር። የቋጠረችልኝ ጎረቤቴ «ይሄ እንኳን ኖርዌይ ጨረቃ ቢሄድ አይፈታም» ብላ ምላልኝ ነበር።

ረቡዕ

ተፈታ።

የጉምሩኩ ሰው ሻንጣዬን ከፈተ፣ ደጋግሞ አስነጠሰ፣ መልሶ ዘጋው። በእጁ ሂድ አለኝ። ሸሚዞቼ ሁሉ የወጥ መልክ ይዘው ነበር።

የተቀበለችኝ የተዋበች ልጅ ማህሌት ናት፤ እዚያው የተወለደች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። አቅፋ ሳመችኝና «አጎቴ፣ ደከመህ?» አለችኝ። እኛ ዘንድ የእህት ልጅ አጎቷን «አንተ» ብትል ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ዞሮ ያያታል። ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ፣ እዚህ አገር ጠቅላይ ሚኒስትሩም «አንተ» እንደሚባል አስረዳችኝ። በጠቅላይ ሚኒስትሩ ተጽናናሁ።

በባቡር ሃውገንስቱዋ በሚባል የከተማው ዳር ሰፈር ወረድን። ተራ በተራ የቆሙ የመኖሪያ ብሎኮች ናቸው፤ እኛ ኮንዶሚኒየም የምንለው ዓይነት። የእህቴ ብሎክ ሊፍት የለውም፤ በዚህም ከኛው አይለይም። የሚለየው ደረጃው ጸጥ ማለቱ ነው። ያገኘሁትን ሁሉ ጎንበስ እያልኩ ሰላም ስል አንዱ ሰውዬ ቁልፍ የጠፋብኝ መስሎት በሩን ከፈተልኝ።

ተዋበች አልናብሩ በሚባለው የጭነት ባቡር ሰፊ ግቢ የመጋዘን ቢሮዎች ታጸዳለች። ማታ ገብታ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ከዚያ ራሴን ዳበስ አድርጋ «ፀጉርህ የት ሄደ?» አለችኝ። እራት ዓሣና ድንች ነበር። እኔም ዓሣውን እየበላሁ ጣናን ማሰቤ አልቀረም፤ ካገሩ የወጣ፣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ነው።

ሐሙስ

ጎህ ሳይቀድ ተዋበች ወደ ሥራ፣ ቀጥሎ ማህሌት ወደ ትምህርት ወጡ። ጠረጴዛው ላይ ዳቦና ቡናማ ጠፍጣፋ ነገር ትተውልኛል። ቡናማውን ሳሙና ነው ብዬ ወደ ቧንቧ ይዤው ሄድኩ። አረፋ አልወጣውም። ለካ አይብ ኖሯል፤ እሱም ጣፋጭ።

በርበሬ የበላቸውን ሸሚዞች ይዤ ምድር ቤት ወረድኩ። እዚያ ብሎኩ ሁሉ በጋራ የሚያጥብበት ክፍል አለ። ባዶ ያገኘሁት ማሽን ውስጥ ከትቼ ማህሌት ማታ ያሳየችኝን ቁልፍ ተጫንኩ። ውኃው በመስታወቱ ውስጥ ቀይ ሆኖ ሲዞር እያየሁ ሳለ አንዲት አሮጊት የልብስ ከረጢት በጀርባቸው አዝለው፣ የደረጃውን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው በጎናቸው እየወረዱ መጡ። ማሽኑን አዩ። ጎንበስ ብለው አሸተቱና «ፓፕሪካ?» አሉኝ።

«በርበሬ» አልኩ።

«በርበሬ» አሉና አስነጠሱ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ በጣታቸው ሲመቱልኝ ነው የገባኝ። ሰዓቱ የሳቸው ነበር፤ እዚያ ማጠቢያ በተራ ነው። ማሽኑን ላስቆም ስል ተዉት አሉና ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ። ቋንቋ ስለሌለን ውኃው ሲነጻ አብረን አየን። ሲያልቅ የሳቸውን አስገባን፤ በኋላም ከረጢቱን ተሸክሜ እስከ በራቸው አደረስኳቸው። ከእህቴ በር ፊት ለፊት ነው።

ማታ ይህን ስነግራት ተዋበች ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሃሊና ናት። ቁልፏ እኔ ጋ ነው። በፀደይ እዚያው ደረጃ ላይ ወድቃ ያነሳኋት እኔ ነኝ። ስንት ሰዓት እንደተኛች እግዜር ይወቀው።»

ከዚያ ጉዳዩን ነገረችኝ። ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ለወይዘሮ ሃሊና የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ክፍል አግኝቶላቸዋል። ሰኞ ሄደው ካላዩ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል። እሳቸው አልሄድም ብለዋል። አንድ ልጃቸው ሩቅ ሰሜን ነው የምትኖረው፤ በስልክ ታለቅሳለች። «እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ወድቃ ብትሞትስ?» አለች ተዋበች። «ጎህ ሳይቀድ ስወጣ በሯ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ነው የምሄደው። አንተ መምህር ነህ፣ ትልቅ ሰው ነህ። እስቲ ምከራት።»

«በምን ቋንቋ?»

«ማህሌት አለች አይደል።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እንዲህ ነው። እሺ አልኩ።

ዓርብ

ወይዘሮ ሃሊና ሻይና የፖም ኬክ አቀረቡ። ቤታቸው ንጹሕ ነው፤ ዕቃው ሁሉ ግድግዳ የተጠጋ። መስኮቱ አጠገብ በቁመቱ ለሁለት ተሰንጥቆ የተደፋ በርሜል የመሰለ የቆርቆሮ ቤት ፊት የቆሙ ልጆች ፎቶ አለ። ኬኩን አመስግኜ ወደ ጉዳዬ ገባሁ። ሰው ሲሸመግል ብቻውን መኖር እንደማይችል፣ ልጃቸውም እህቴም እንደሚጨነቁ ተናገርኩ። ማህሌት እየተረጎመች፣ እሳቸው እየሰሙ።

«አንድ ጊዜ ሰፈር ውስጥ ኖሬያለሁ፤ ሁለተኛ ሰፈር አልገባም፣ ትልሃለች» አለች ማህሌት።

«የምን ሰፈር?»

«የፖላንድ ሰፈር። እንግሊዝ አገር። ከትልቁ ጦርነት በኋላ። እዚያ ነው ያደገችው፤ እዚህ የመጣችው አግብታ ነው።»

የመሰለኝ ይህ ነው፦ ለንደን ወይም ሌላ ከተማ ፖላንዶች ተሰባስበው የሚኖሩበት ሰፈር፤ እንደኛ አሜሪካን ግቢ፣ እንደ አርመን ሰፈር። አሮጊቷም ከጎረቤት ጋር መኖር የሚጠሉ ብቸኛ መሰሉኝ። ብቸኝነትን እንደ መልካም ነገር የሚያይ ሰው ደግሞ አልወድም። የመምህርነት ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ንገሪያቸው፤ ሰው ያለ ሰፈር ሰው አይሆንም። ልጅን የሚያሳድገው ሰፈር ነው። እኔ ዛሬ ሰው የሆንኩት በሰፈር ነው። ሰፈሩን የጠላ ራሱን ጠላ።»

ማህሌት አየችኝ። «እርግጠኛ ነህ?»

«ንገሪያቸው!»

ነገረቻቸው። ወይዘሮ ሃሊና ሲኒያቸውን አስቀመጡና ቀስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁ።

«ሰፈር ለልጅ ጥሩ ነው ነው የምትለው? ትላለች።»

«ከእናት ቀጥሎ!» አልኩ።

አሮጊቷ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ። ከፊቴ ኬኩን አነሱ። በሩን ከፈቱና ይዘውት ቆሙ። ኬኩን ገና ግማሹን እንኳ አልበላሁትም ነበር።

ተዋበች ስትገባ የሆነውን ሰምታ መጀመሪያ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ጠፋ። «የቱን ቃል ነው የተረጎምሽው?» አለቻት ልጇን።

«ላይር አለች። ላይር ሰፈር አይደል?»

«ላይር ካምፕ ነው! የስደተኛ ካምፕ!»

«ስልኬ ሰፈር ነው ያለኝ። አንቺስ ስለ ሱዳን ስታወሪ ‹የስደተኛ ሰፈር› አይደል የምትዪው?»

ስልኩም ልጅቱም አልዋሹም። ጦር የሰፈረበት ሁሉ በአማርኛችን ሰፈር ነበር፤ አዲስ አበባን የሞሉት የመኳንንት ስም የያዙ ሰፈሮች መጀመሪያ ድንኳን ነበሩ። ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። እኔና ተዋበች ከወሎ ነን። በድርቁ ዘመን መንግሥት ጭኖ መተከል ያወረደን ሰፋሪዎች ነን፤ ያደግነውም ሰፈራ ጣቢያ ነው። እንግዲህ አንድ የካምፕ ልጅ ለአንዲት የካምፕ ልጅ፣ ካምፕ ከእናት ይቀጥላል ብሎ ሰብኳል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አፈርኩ፤ እንቅልፍም አልወሰደኝም።

ቅዳሜ

ከሸሚዞቼ የተረፈውን በርበሬ በብልቃጥ አድርጌ በራቸውን አንኳኳሁ። ማህሌት ከኋላዬ አለች። በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ። በስንጥቁ በኩል ስለ ቃሉ ነገርኳቸው፤ በእኛ ቋንቋ ላይርም ሰፈር፣ ቤትዎ ያለበትም ሰፈር እንደሚባል፤ እኔም ራሴ የላይር ልጅ መሆኔን።

ከዚያ የጠየቁት ይህን ነው፦ «የናንተ ቁጥር ነበረው?»

«መንደር ሰባት» አልኩ። ስም አልነበረንም። እስከ ዛሬም ያገሬው ሰው መንደር ሰባት ነው የሚለው።

ሰንሰለቱ ወረደ። ኬኩም ተመልሶ መጣ።

አባታቸው የፖላንድ ወታደር ነበሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ አገራቸው መመለስ ያልቻሉትን ወታደሮች ከነቤተሰባቸው እንግሊዞች ባዶ የቀሩ የጦር ካምፖች ውስጥ አሰፈሯቸው። ፎቶው ላይ ያለው የቆርቆሮ በርሜል ቤታቸው ነው። ሁለት ቤተሰብ በአንድ በርሜል፣ መሃል ላይ ብርድ ልብስ ተጋርዶ። ክረምት ሌሊት ቆርቆሮው ያልበዋል፤ ጠብታው ትራስ ላይ ይወርዳል። ምግብ ከጋራ ማእድ ቤት በጣሳ ተሰልፎ ነው። እኛስ? እኛም መጀመሪያ ላይ በጋራ ነበር የሚበሰልልን፣ በሰልፍ። ጠዋት የሚቀሰቅሰን የተንጠለጠለ ብረት ነበር፤ ሲደወል ሁሉም ወደ ጋራ እርሻ ይወርዳል።

«እናቴ ቀይ ሥር እንጂ ዛፍ አትተክልም ነበር» አሉ። «ለሚመጣው ፀደይ እንመለሳለን ትላለች። ሻንጣው አልጋ ሥር ነው፤ አይፈታም። እኔ ግን…» ሳቁ፤ ከኋላ ያሉ ጥርሶቻቸው ሁሉ ታዩ። «እኔ ደስተኛ ነበርኩ። በአውሮፕላኑ ማኮብኮቢያ ላይ ብስክሌት እንነዳለን። ትልልቆቹ ያለቅሳሉ፣ እኛ እንስቃለን።»

እኛም እንስቅ ነበር፤ በለስ ወንዝ ወርደን ዓሣ በእጃችን ለመያዝ እንሞክር ነበር። የእናቴን ፊት ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

«ታዲያ ምኑን ነው የጠሉት?» አልኩ። እርስዎ አልኩ፤ በኖርዌይኛው ግን «አንቺ» እንደሆነ አውቃለሁ።

እሳቸው እንዲህ ብለው ጀመሩ። ከብርድ ልብሱ ወዲያ ዩዜፍ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ለልጆች ከእንጨት ፉጨት ይቀርጹላቸዋል፤ ሌሊት ያስላሉ። አንድ ጠዋት አልጋቸው ላይ የሌላ ሰው ሻንጣ ተቀምጧል። የት ሄዱ ሲባል፣ «ተዛወሩ» ተባለ። ትንሿ ሃሊና ለምሳ በተሰለፈች ቁጥር በዓይኗ ትፈልጋቸው ነበር፤ ብዙ ጊዜ ፈለገቻቸው። ከዚያ ሌላ ሰው ተዛወረ። ከዚያም ሌላ። የት እንደተቀበሩ አያውቁም፤ መቀበራቸውን ራሱ ካደጉ በኋላ ነው የገባቸው።

«ሾርባው አይደለም፣ ትላለች» አለች ማህሌት። «ብርዱም አይደለም። ሰው ይጠፋል፣ አልጋው ግን አንድ ቀን ባዶ አያድርም። እዚያም እንደዚያ ነው፣ ትላለች። ለሷ የተሰጣት ክፍል የማን ነበር? ማንም አልነገራትም።»

ወይዘሮ ሃሊና ወደኔ ዘወር ብለው፣ «ሰፈር» የሚለውን ቃል ራሳቸው በአማርኛ ጠርተው፣ «የናንተ ላይር ሰፈር የሆነው መቼ ነው?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። መልሱ ግን ነበረኝ።

በመጀመሪያው ክረምት ወባ ገባ። የሞተውን ሰው በትራክተር ተጎታች ጭነው የተመደቡ ሰዎች ይወስዱታል፤ ሰዉ እንዳይሸበር ነው ተብሎ አይነገርም። እናቶች ጎረቤታቸው መሞቷን የሚያውቁት ለሰልፍ ሳትመጣ ስትቀር ነው። ኋላ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በድብቅ እድር አቋቋሙ። እድር ምን እንደሆነ ማስረዳት ማህሌትን አስቸገራት፤ በመጨረሻ «አብረው የሚቀብሩ ጎረቤቶች» ብላ ተገላገለች። ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ አንድ ጥሩምባ አገኙ። የመጀመሪያው ጥሩምባ የተነፋው ለታናሽ ወንድሜ ለእንድሪስ ነው። ለፋፊው «የአቶ ይመር ልጅ እንድሪስ!» እያለ ከጫፍ ጫፍ ዞረ። ብረቱም እንደ ወትሮው ተደወለ። ያን ቀን እርሻ የወረደ አንድም ሰው የለም። መንደር ሰባት በሙሉ ወደኛ በር መጣ። እናቴ ከዚያ ወዲህ መቼ ነው የምንመለሰው ብላ ጠይቃ አታውቅም።

ማህሌት መሃል ላይ መተርጎም አቆመች። «ይሄ ወንድም… ማማ ነግራኝ አታውቅም» አለች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ጨረሰች።

ወይዘሮ ሃሊና እጃቸውን እጄ ላይ አሳርፈው ቆዩ። «ያ» አሉ። በኖርዌይኛ እሺ ማለትም አዎ ማለትም ያው እሱ ነው። «ሰኞ እሄዳለሁ። ለማየት ብቻ። ካፖርቴን ሳላወልቅ።»

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ ውስጥ እናቷ የሞተችባት ሴት ነበረችና ሰዉ ሊያጽናናት ከበባት። እዚያ አገር ቀብር እንደኛ ለነገ አይደለም፤ ቀጠሮ ይያዝለታል፣ ሳምንትም ሊያልፈው ይችላል። አስከሬን ይህን ያህል መጠበቁ ከበደኝ።

ስንመለስ ዝናብ ነበር። ተዋበች ሮመን በሚባለው ጣቢያ አጠገብ መንገድ ላይ ቆመችና ስለ እንድሪስ ጠየቀችኝ። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች። የምታስታውሰው ጥሩምባውን ብቻ ነው። «ሠርግ መስሎኝ ጨፍሬ ነበር» አለች። አብረን አለቀስን፤ በዝናብ ማልቀስ ጥቅም አለው፣ አላፊ አግዳሚ አያውቅም።

ሰኞ

ተዋበች ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አራታችንም ሄድን። መጦሪያው ከሃውገንስቱዋ ብዙ አይርቅም። ወይዘሮ ሃሊና ወፍራም ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። አንዲት ሳቂታ ወጣት ሠራተኛ ተቀበለችን። ክፍሉ ሙቅ ነው፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ የሚያዝ ብረት አለ። እኔ በሆዴ እናቴ እዚህ ብትጦር ብዬ ተመኘሁ። አልጋው አዲስ አንሶላ ለብሷል።

«ከኔ በፊት ማን ነበር?» አሉ ወይዘሮ ሃሊና፤ ማህሌት በጆሮዬ እየተረጎመችልኝ ነው።

ልጅቱ ሳቋ ቀዘቀዘ። የሥራ ምስጢር ስለሆነ መናገር አይፈቀድልኝም አለች። ክፉ አይደለችም፤ ሕጓ ነው።

«ተዛወረ?» አሉ አሮጊቷ።

ልጅቱ ወለሉን አየች። ወይዘሮ ሃሊና ሌላ አልጠየቁም። ዞረው ወደ መውጫው መራመድ ጀመሩ። ተዋበች ተከተለቻቸው፤ ፊቷ ተስፋ ቆርጧል። እኔም ተከተልኩ። ከዛሬ በኋላ ያ ደረጃ፣ ያ ጎህ ሳይቀድ በር ላይ የሚለጠፍ ጆሮ እንደሚቀጥል አውቀናል።

ወደ መውጫው የሚያልፈው በመመገቢያው አዳራሽ ነው። ጥቂት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ረጅም ጠረጴዛ ላይ ምሳ ይበላሉ። በመሃላቸው አንድ ባዶ ወንበር አለ። ወይዘሮ ሃሊና ሲያልፉ አንድ ሽማግሌ ሹካቸውን እንደያዙ ቀና አሉ። ጆሯቸው ከብዷቸው ነው መሰለኝ፣ አዳራሹን በሚሞላ ድምፅ ተናገሩ።

«ለመስኮቱ ክፍል የመጣሽው አንቺ ነሽ? የቦርግሂልድ ነበር። የዛሬ ሳምንት ሞተች። በካርታ ጨዋታ ታጭበረብር ነበር!»

«ታጭበረብር ነበር» አለች አንዷ አሮጊት፤ ሌላውም ራሱን ነቀነቀ። ሠራተኛዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ወይዘሮ ሃሊና ቆሙ። ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር አዩ። ከዚያ የካፖርታቸውን ቁልፍ አንድ በአንድ መፍታት ጀመሩ። ሲጨርሱ ካፖርቱን ለተዋበች ሰጧትና ወደ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁ።

«ምን አሉ?» አልኳት ማህሌትን።

«ቀብሩ መቼ ነው? ነው የምትለው።»